ከጉራ ድል በኋላ ቦሩ ሜዳ ለምን መጣ?

ታሪክና ማኅበረሰብ › ጅማና አካባቢዋ

ወሎዬ ዘጅሬን (ክሩን የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጅማ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ብዙ ነን። ከየት መጣችሁ ስንባል ከወሎ እንላለን፤ ለምን መጣችሁ ለሚለው ግን አንድ መልስ የለንም። አንዱ ቤት ቡና ይላል፣ ሌላው የ1977ቱን ረሃብና ሰፈራ ያነሳል። የእኔን ቤት ጨምሮ ጥቂቶች ደግሞ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ ዑለማዎች የአፄ ዮሐንስን አዋጅ ሸሽተው ወደ አባ ጅፋር አገር የገቡበትን ዘመን ይቆጥራሉ።

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። አፄ ዮሐንስ ወሎ ውስጥ የጠሩትን የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይዘው የሚወጡት የካህናቱን ክርክር ነው፦ ተዋሕዶ ረታ፣ ሦስት ልደት ተረታ፣ ምኒልክም ተስማማ። ስለ ሙስሊሙ የሚነገረው አንድ መስመር ነው። ለወሎ ሰው ግን ያ መስመር ሙሉ ዘመን ነበር። በ1870 ዓ.ም. ሙስሊሙ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ተወሰነ። የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ዮሐንስ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ሸፈቱ። ተራው ሰው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ከረመ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራና ለካህናቱ አሥራት እንዲከፍል ተገደደ፤ መሄጃ ያለው ተሰደደ።

ጥያቄዬ ወዲህ ነው። ከቦሩ ሜዳ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ ድል መትተዋል። እንዲህ ያለ ድል ያገኘ ንጉሥ በገዛ ገበሬው ላይ ምን አስነሳው? እኔ የደረስኩበት ግምት፣ ዱላውን ያዞረው ያው ጦርነት ነው የሚል ነው። ወራሪው እስላም ነበር፤ ዘመቻው በመስቀል ስም ታወጀ፤ ድሉም የመስቀል ድል ተባለ። ከዚያ ወዲያ አገር ማለት ክርስቲያን ማለት ሆነና የወሎ ገበሬ ባያት በቅድመ አያቱ መሬት ላይ ቆሞ የግብፅ ዘመድ መስሎ ታየ።

ይህ ነገር በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ይሠራል? የት ላይስ ይፈርሳል? ስድብ አልፈልግም፤ ማስረጃ ያለው ይምጣ።

የአዌቱ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

መምህር፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ መነሻህ ግን ያነክሳል። ግብፅ በ1868 ተሸነፈች እንጂ መቼ ሄደች? ምፅዋ በእጇ ነበረች። ሐረርንም ይዛ እስከ 1877 ዓ.ም. ተቀምጣለች። ንጉሡ ከሰሜንም ከምሥራቅም ታጥረው ነበር፤ አገሩም ከዘመነ መሳፍንት የወጣው ትናንት ነው። አንድ ሃይማኖት፣ አንድ መንግሥት ማለት በዚያን ዘመን ሰው ዘንድ እብደት አልነበረም።

ደግሞስ ያለ ኃይል የተሠራ አገር እስኪ ጥራልኝ። አባ ግሬጎዋር የሚባሉት ፈረንሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1794 ለአገራቸው ምክር ቤት ባቀረቡት ዘገባ ፈረንሳይኛን አጥርቶ የሚናገረው ሰው 3 ሚሊዮን ገደማ ነው ብለው ነበር። ሕዝቡ ከ25 ሚሊዮን በላይ ነው። ዛሬ ሁሉም ፈረንሳይኛ የሚናገረው ተለምኖ መሰለህ? የብሬቶን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተያዘ አንገቱ ላይ የውርደት ምልክት ያንጠለጥሉበት ነበር። ውጤቱን ግን ሁላችንም እናደንቃለን፤ ቪዛውንም ተሰልፈን እንጠይቃለን።

እኛ እንዲያውም እንሻላለን። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው ከእልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። የልጆቹ የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሌላው ያባረረውን አስጠግቶ የገዛ መዝሙሩን ያሠራ አገር፣ ጥቂቶችን እየመታ ነው የተሠራው ማለት አይከብድህም?

ወሎዬ ዘጅሬን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ስጋቱ ባዶ ነበር አላልኩም። ሐረርን ማንሳትህ እንዲያውም ሐሳቤን ያጠናክራል። ግብፅ ሐረር ተቀምጣ የተጠመቀው ግን የወሎ ሰው ነው፤ ዱላው የወደቀው እጅ በደረሰበት ላይ ነው።

ጥምቀቱስ እምነት አስገኘ? ሚካኤል ታምነው ኖሩ፣ ዓድዋ ዘመቱ፣ ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። ያኔም ዓለም ጦርነት ላይ ነበረች፤ ኢያሱ ከቱርክ ጋር ያብራሉ ተብሎ ይፈሩ ነበር። አባትየው ከተጠመቁ 38 ዓመት ሆኗቸው፣ ጥርጣሬው ዙፋን ላይ ጠበቃቸው።

ሕግ ነክ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡25

የአዌቱ ልጅ አርመኖቹ የመጡበትን አነሳ፤ ከምን እንደመጡ ግን ዘለለው። የመምህሩን ግምት ለመፈተን ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1912 እና 1913 የባልካን ግዛቶቹን አጣ። ከዚያ የተሰደዱ ሙስሊሞች ቂማቸውን ይዘው አናቶሊያ ገቡ። በ1914 መጨረሻ ሳሪካሚሽ ላይ በሩሲያ ጦር ተመታ፤ ከጥይት ይልቅ ብርዱ ብዙ ሰው ጨረሰበት። ያ ሽንፈት ተጠያቂ ያስፈልገው ነበርና የድንበሩ አርመኖች ከሩሲያ ጋር አብረዋል ተባለ። በመንግሥቱ ጦር ውስጥ ያሉት የአርመን ወታደሮች ትጥቃቸውን ፈትተው የጉልበት ሠራተኛ ተደረጉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1915 ኢስታንቡል ውስጥ ጸሐፊዎቻቸውና መሪዎቻቸው ታፈሱ። በግንቦት ማጋዝን የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። የሞቱት ከ6 መቶ ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታሉ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ወረቀት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ስለ "ተተወ ንብረት" ሌላ ሕግ ወጣ። ባለቤቱ በዘበኛ ተነድቶ በረሃ ወርዷል፤ ቤቱን ግን ሕጉ "የተተወ" ይለዋል። ቤቱም እርሻውም ሱቁም ለስደተኛው፣ ለሹሙና ለጎረቤቱ ተከፋፈለ። ከዚያ በኋላ ስለ 1915 የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ስለ ታሪክ ብቻ አይሆንም፤ ስለ ጣሪያውም ይሆናል። የአዲሱ አገር ዝምታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. የ1923ቱን የግሪክና የቱርክ የሕዝብ ልውውጥም ጨምሩበት። ወደ 1.2 ሚሊዮን ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ 400 ሺህ ገደማ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ተሻገሩ፤ የኦርቶዶክሶቹ አብዛኞቹ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት በጦርነቱ የሸሹ ነበሩ። መለኪያው ሃይማኖት ነበር። ስለዚህ ከቱርክኛ በስተቀር ቋንቋ የማያውቁ ክርስቲያኖች "ግሪኮች ናችሁ" ተብለው ተጫኑ፤ ግሪክኛ ብቻ የሚናገሩ የቀርጤስ ሙስሊሞች "ቱርኮች ናችሁ" ተብለው መጡ። ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ ነው የተባለው።

እትዬ ከፈረንጅ አራዳ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ልጆቼ፣ እናንተ ቱርክ ድረስ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ግን ከሰፈሬ አልወጣም። በ1990 ግንቦት የባድሜ ጦርነት ሲጀመር በማግሥቱ ምንም አልነበረም። ሰኔ ላይ ነው የትውልድ ዘራቸው ኤርትራ የሆኑ ሰዎች መለቀም የጀመሩት። ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ሱቅ የነበራቸው ሰው አማርኛቸውም ኦሮምኛቸውም ከእኔ ይሻላል። ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። ሚስትየዋ የዚሁ አገር ሰው ስለሆነች ከነልጆቿ ቀረች። ጥፋታቸው ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተዋል ተባልን። ያን ድምፅ ሲሰጡ ማንም ዜግነታችሁን ታጣላችሁ አላላቸውም፤ እንዲያውም በግልጽ ነበር የተሰጠው።

ዕቃቸው በርካሽ ተሸጠ። ገዢ አልጠፋም። ያ ልጅ የጻፈው የቤት ነገር እውነት ነው።

የአዌቱ ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

እትዬ፣ ይህን መካድ አልችልም፤ ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም አውቶቡሶቹን አስታውሳለሁ። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት የጠላት ዜጋን ማስወጣቱ ግን በየትም አገር ያለ ነው።

ሕግ ነክ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡52

የጠላት ዜጋ ከሆነ አዎ። ክርክሩ ዜግነታቸው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው፣ ግብር ከፍለው፣ በኢትዮጵያ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። 75 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው የተባረረው፤ ኤርትራም በበኩሏ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን አስወጥታለች። ዜጋን መጀመሪያ ባዕድ ብሎ መሰየም፣ ቀጥሎ ባዕድ ነውና ይውጣ ማለት፤ ቅደም ተከተሉን ተመልከተው። ሚያንማር እ.ኤ.አ. በ1982 የዜግነት ሕጓን ስታወጣ ሮሂንጋዎችን ከታወቁት "ብሔራዊ ዘሮች" ውጭ አደረገች። በ2017 ከ7 መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ባንግላዴሽ ሲነዱ ወታደሩ የሚያባርረው "ሕገወጥ ስደተኛ" ነበር። ወረቀቱ ከጠመንጃው 35 ዓመት ቀድሟል።

አወያይ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05

ክሩ በጨዋነት እየሄደ ነው፣ እናመሰግናለን። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ጦርነቶች ጋር የተያያዙ 4 መልእክቶችን አንስተናል። ርዕሱ ስለማይመለከታቸው አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ተመሳሳይ ክር በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ዛቻ ስለተቀየረ ነው።

የአዌቱ ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡11

ስለ 1870 በነፃነት እናውራ፣ ስለ ትናንቱ ዝም እንበል ማለት ነው። ይሁን፤ ቤቱ የእናንተ ነው።

ከቦንጋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡18

መምህር፣ የት ላይ ይፈርሳል ብለህ ጠይቀሃል። እኛ ደጃፍ ላይ ይፈርሳል።

ካፋ ማንንም አላስፈራችም። ግብፅ አላገዘቻትም፣ ጣሊያን አልላካትም። በ1888 የካቲት ዓድዋ ላይ ነጭ ወራሪ ተሸነፈ። በ1889 ደግሞ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ጦር ካፋ ገባ። ዘመቻው ወራት ወሰደ፤ አገሩ ተቃጠለ፣ ሕዝቡ ተሸጠ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በመጨረሻ ተይዘው በሰንሰለት አንኮበር ተወሰዱ፤ አገራቸውን ሳያዩ በግዞት ሞቱ። ቡና ነበረን፣ ዝባድ ነበረን፣ የዝሆን ጥርስ ነበረን። ሰውም ነበረን፤ ሰውም ያኔ ሸቀጥ ነበር። አንተ ፍርሃት ብለህ የምታስረዳው ነገር እዚህ ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው።

ደግሞ ማን ማን እንደዘመተ ጨርሰህ አስተምር። ከወልደ ጊዮርጊስ ጋር የአባ ጅፋርም ጦር ነበረበት። ዎላይታ ላይ በ1887 ንጉሥ ጦና ሲማረኩም ጅማ አብሮ ዘምቷል። ያንተን ዑለማዎች ያስጠጋው ቤተ መንግሥት፣ የእኛን ሰዎች ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ የሸጠ ቤተ መንግሥት ነው።

ቡና ነጋዴ ጅማ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከቦንጋ፣ ወንድሜ፣ ቀስ። አባ ጅፋር ገበሩ እንጂ ምን አማራጭ ነበራቸው? በመገበራቸው ጅማ ሳትቃጠል፣ መስጊዷ ሳይነካ፣ የገዛ ንጉሧ ላይዋ ላይ ተቀምጦ ኖረች። ባይዘምቱ ኖሮ ቀጣዩዋ ካፋ ጅማ ነበረች። ብልህ ሰው ነበሩ።

ከቦንጋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡22

ብልህነታቸውን አልካድኩም። የብልህነቱን ዋጋ ማን ከፈለው ነው የምለው። መገበሩም ቢሆን ያዋጣው እስከ እርሳቸው ዕድሜ ነው። እርሳቸው አርጅተው ሲደክሙ የጅማ ራስ ገዝነት ተነሣ፣ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ታሰሩ።

ወሎዬ ዘጅሬን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከቦንጋ፣ ግምቴን በትክክለኛው ቦታ ነው የመታኸው። ካፋ ላይ የውጭ ጠላት ፍርሃት አልነበረም። እኔ አንድ መንገድ ይዤ መጣሁ፤ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስጋት ነው፤ ወሎን፣ አርመኖቹን፣ የ1990ዎቹን ሰዎች ያየንበት። ሌላው ሀብት ነው፤ ካፋ፣ ዎላይታ፣ ጊሚራ። ግን ሁለቱ መጨረሻ ላይ የሚገናኙ ይመስለኛል። ሕግ ነክ እንዳለው የአርመኖቹ ስደት በስጋት ተጀምሮ በቤት ክፍፍል ተቋጨ። ካፋ ደግሞ በዝርፊያ ተጀመረና በኋላ "አገር ማቅናት" የሚል የክብር ስም ወጣለት። ለመዝረፍ የሄደ ሰው ስሙን የሚያሳምርለት ታሪክ ይፈልጋል፤ ያን ታሪክ ነው እኔ ክፍል ውስጥ ገብቼ የማስተምረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼን ጅሬን ወስጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አስጎብኝቻለሁ። እንጨቱ፣ ፎቁ፣ መስጊዱ በእውነት ያኮራል። ለጎብኚ በሚነገረው ውስጥ ግን ባርያ የሚባል ነገር እምብዛም አይሰማም። ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ትላልቅ የባርያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታለች፤ ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ነው። አዲስ አበባ የጅማን መዋጥ ደብቃ ዓድዋን ታሳያለች፤ ጅማ ገበያዋን ደብቃ ቤተ መንግሥቷን ታሳያለች። እኛ በሁለቱም መካከል ቆመን ፎቶ እንነሳለን።

የአዌቱ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

እንግዲህ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ስስማማም ክርክሬ ይጠነክራል። ንጹሕ ተበዳይ ከሌለ ንጹሕ በዳይም የለም። በ2003 አሰንዳቦ አካባቢ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ያቃጠለው መንግሥት አልነበረም፤ ጎረቤት ነው። በአገር ደረጃ ጥቂት ነን የሚለው ሙስሊም እዚህ ብዙ ነው። ብዙ ሲሆን ምን እንዳደረገ አይተናል። ለዚህ ነው ጠንካራ ማዕከል የምፈልገው።

ሕግ ነክ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡48

"የሚለው ሙስሊም" አትበል። ያቃጠሉት የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ የጅማ ሙስሊሞች ሽማግሌዎችም አውግዘውታል። አንተ ራስህ ቦሩ ሜዳ ላይ የቆምክ መሰለኝ።

ጥቂት ማለት ግን በክበቡ መጠን የሚወሰን መሆኑ እውነት ነው፤ ክበቡን የሚያሰምረው ደግሞ መንግሥት ነው። አሁን ያለውን ሥርዓት እንኳ ተመልከቱ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ፤ የድሮውን በደል ለመካስ ነው፣ ተገቢ ምክንያት ነበረው። ክልሎቹ ግን ያንኑ አሠራር በትንሹ ደገሙት። የኦሮሚያ ሕገ መንግሥት የክልሉን የበላይ ሥልጣን ለኦሮሞ ሕዝብ ይሰጣል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት 5 ብሔረሰቦችን የክልሉ ባለቤት ብሎ ይዘረዝራል። እዚያው ተወልዶ ያረጀ ሌላ ሰው ምንድን ነው? ኗሪ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ሲወጡ የተሰጣቸው ምክንያት ሕገወጥ ሰፋሪ ናችሁ የሚል ነበር። የ1990ውን ቅደም ተከተል አስታውሱ።

የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ሲሞላ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቤልጂጎች በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ሁቱና ቱትሲ ማጻፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ በ1994 ኬላ ላይ የቆመው ነፍሰ ገዳይ ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የፋይዳ መታወቂያ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው።

እትዬ ከፈረንጅ አራዳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ያቺ ልጅ፣ የሱቁ ባለቤት ልጅ፣ መታወቂያ ስታወጣ ምን ልጻፍ ብላ እኔ ጋ መጥታ ነበር። የእናትሽን ጻፊ አልኳት። ምን ልላት ኖሯል?

የአዌቱ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡33

እትዬ፣ ደግ አደረጉ። ሕግ ነክ፣ ስለ አሰንዳቦ ያልከውን ተቀብያለሁ። ስለ አርመኖቹ ግን አንድ ያላነሣችሁት ነገር አለ፤ እኔው ላንሣው፦ ደርግ በ1967 ንብረት ሲወርስ አብዛኞቹ ጥለው ሄዱ። መዝሙራቸውም ተሻረ። ይህንንም ጨምሩት፤ ነገር ግን መምህር፣ ምፅዋንና ሐረርን ሳትጠቅስ ቦሩ ሜዳን ብታስተምር እኔ ራሴ ክፍልህ መጥቼ እጄን አወጣለሁ።

ወሎዬ ዘጅሬን
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ና፣ ወንበር አለ። ሰሌዳው ላይ ጉራን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ዓድዋንና ካፋን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ምፅዋና ሐረርም ይገባሉ። ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ይሉኝ ይሆናል።

ከቦንጋ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በሚቀጥለው ወር ተማሪዎቼን ይዤ ብመጣ ስለ ጋኪ ሸሮቾ ዘመን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ታገናኘናለህ?

ከቦንጋ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡47

ደስ ብሎኝ። መንገዱ ደህና ነው፤ ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ግን እንደ ጅሬኑ ጉብኝት አላደርገውም። እኛ ዘንድም ማንጆ የሚባሉ አሉ፤ የጫካ አዳኞች ነበሩ። ማዕድ አብረን አንቆርስም፣ ቤታችን አናስገባም ብለን ያኖርናቸው ሰዎች ናቸው። ንጉሡ በነበሩበት ዘመንም እንዲሁ ነበር፣ ምኒልክ አላመጣውም። ከእነሱም ሁለት ሰው እጋብዛለሁ። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች አብረን አንቀመጥም ካሉ፣ ተማሪዎችህ ያንንም ይጻፉት።